በውሰት የወጣ ድምፅ

በእኛ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ከሚዋሰው ሰው ይልቅ ድምፅ የሚዋሰው ይበዛ ነበር። ያኔ መሐል ሜዳ ከተማ ላይ ኢንተርኔት ስሙ እንጂ እሱ ራሱ እምብዛም አይታይም፤ ስልክ ግን በየኪሱ ገብቷል። ስለዚህ ኃላፊያችን አንድ ዘዴ ዘየደ። የመማሪያ መጻሕፍቱን፣ ትረካዎቹን፣ የጤናና የእርሻ ምክሩን ሁሉ ኮምፒውተሩ ላይ ሰበሰበና በትንንሽ ሚሞሪ ካርዶች እየጫነ ያውስ ጀመር። የሚዋሰው ሰው መታወቂያውን አስይዞ ካርዱን ይወስዳል፣ ስልኩ ውስጥ ከትቶ ያነባል ወይም ያዳምጣል፣ በሳምንቱ ይመልሳል። ኃላፊው ይህን «ዲጂታል ውሰት» ይለዋል፤ በተናገረው ቁጥር አንገቱ ትንሽ ይረዝማል።

የደብረ ብርሃን ልጅ ነው። ቅን ሰው ነው፤ አገሩን ግን አያውቅም። እኔ ደግሞ ፈሪ ነኝ፤ የማያውቁትን ነገር ደፍረው የሚነኩ ሰዎች ከእባብ በላይ ያስፈሩኛል። ሁለተኛ ልጄን ወልጄ አራስ ቤት ሳለሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ «የሽማግሌዎች ጨዋታ» የሚባል ፕሮግራም ከፈተ። አዛውንቶችን እየጠራ፣ ሻይ እያጠጣ፣ የድሮውን ያስወራቸዋል። ወጋቸውን ይቀዳል፤ የተቀዳውንም እንደ ሌላው ሁሉ ካርድ ላይ ጭኖ ያውሳል።

ከወሊድ ፈቃድ ተመልሼ ሥራ በገባሁ ማግስት የጆሮ ማዳመጫውን አጠለቀልኝና «ስሚማ ይሄን! ሰው እንዴት እንደወደደው ብታዪ» አለኝ።

የሚናገሩት በከተማው ዳር ባለው ደብር ዘመናቸውን ሙሉ ያገለገሉ፣ አሁን ዓይናቸው የደከመ አዛውንት ናቸው። ወግ ያውቃሉ። ድሮ ስለነበረ አንድ ገበሬ ያወራሉ፤ ሲስቅ ከወንዝ ማዶ ይሰማ እንደነበር፣ እርፉን በግራ እጁ ይዞ ከሁሉም ቀድሞ እርሻውን እንደሚጨርስ፣ አውድማ ላይ እያንጎራጎረ ሲያበራይ መንገደኛ ቆሞ ይሰማው እንደነበር። ፈገግ ብዬ አዳመጥኩ። ቀጥለው በገብስ ማሳ ድንበር ስለተነሳ ጠብ አወሩ። ያ ሰውዬ እንዴት እንደወደቀ አወሩ። የገደለውንም ሰው ስም ከነአባቱ ጠሩ። የባሌ አባት ስም ነበር።

ማዳመጫውን ከጆሮዬ ነቀልኩ። ኃላፊው «ምነው? ምን ሆንሽ?» ይለኛል።

ነገሩን በአገሩ ያለ ትልቅ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ የሚያነሳው ግን የለም። በደርግ ጊዜ የሆነ ነው። ሽማግሌ ገብቶ፣ ጉማ ተከፍሎ፣ ደሙ ደርቋል። በእርቁ ቀን ካህኑ መስቀላቸውን አውጥተው፣ ይህን ነገር ከእንግዲህ ለሰው የተናገረ የተወገዘ ይሁን ብለው ገዝተዋል። ግዝቱ የወጣው ላልተወለደ ልጅ ሲባል ነበር። ሟቹ ሚስቱን እርጉዝ ትቷት ነበርና። ሴትየዋ ወደ ዘመዶቿ መርሐቤቴ ወርዳ ዓለም ከተማ ላይ ተገላገለች፤ ልጁም አባቱ መገደሉን እንጂ ማን እንደገደለው ሳያውቅ አደገ። ሲጎለምስ ተመልሶ የአባቱን መሬት ያዘ፤ ከከተማችን ወጣ ብሎ፣ ወደ ቀየት ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር ቤት ሠራ። አማቴ በሕይወት የሉም። በእኛ አገር ደም መላሽ አባትየውን ያጣ እንደሆነ የሚፈልገው ልጅየውን ነው። ልጅየው ደግሞ የእኔ ባል ነው።

«ይሄን ማን ማን ወስዶታል?» አልኩት።

«ተማሪዎች ወስደው መልሰዋል። አንዱ ካርድ ብቻ ነው ውጭ ያለው፤ አንድ ገበሬ ነው። ይኸው መታወቂያው» ብሎ ከመሳቢያ አወጣልኝ። ፎቶውን ሳይ ስሙን ማንበብ አላስፈለገኝም።

ስነግረው ኃላፊው ላብ አጠመቀው። ወዲያው ከኮምፒውተሩ አጠፋው። ማጥፋቱ ምንኛ ቀላል ነው! ካርዱ ግን ያለው የሟቹ ልጅ ስልክ ውስጥ ነው፤ ተማሪዎቹም በብሉቱዝ ለማን እንደላኩት ማን ያውቃል። መጽሐፍ ቢሆን ተመለሰ ማለት ተመለሰ ነበር። «ለፖሊስ እንናገር» አለ። «ፖሊስ ምንድነው ነገሩ ብሎ ይጠይቅሃል፤ ነገሩን ልትነግረው ነው? ማታ የቀበሌው አንድ ለአምስት ሲሰበሰብ የሚወራው እሱ ይሆናላ!» አልኩት ተቆጥቼ። እሱ ላይ መጮህ ቀሎኝ ነበር።

በምሳ ሰዓት አዛውንቱ ቤት ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ አገኘኋቸው።

«አባቴ፣ ምነው? ምነው እንዲህ አደረጉን?» አልኳቸው።

መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው መቁጠሪያቸውን ጨበጥ አደረጉ። «ለሰው መች ተናገርኩ ልጄ? ግዝቱ ለሰው እንዳይነገር ነው። እኔ የተናገርኩት ለዕቃው ነው።»

«ዕቃው እኮ ያወራል አባቴ።»

«መጽሐፍ ቤት ነው አላችሁኝ። የደብራችን ዕቃ ቤት የገባ መጽሐፍ ስንት ዘመን ተቆልፎበት ይኖራል፤ ማን ያወጣዋል? እኔ ስሞት አብሮኝ እንዳይጠፋ፣ ያ የመሰለ ሰው ከነጭራሹ እንዳልተፈጠረ እንዳይሆን፣ ተዘግቶበት ይኑር ብዬ ነው።» ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። «ታውሱታላችሁ ብዬ በየት በኩል ላስበው?»

ልቆጣቸው ሄጄ አልቻልኩም። ጉልበታቸውን ስሜ ተመለስኩ።

ማታ ለባሌ ነገርኩት። ባሌ ቀልድ የማያጣ በግ ነጋዴ ነው፤ ከቀየት ገበያ እየገዛ በአይሱዙ ያመጣል፤ መንገዱም በዚያ ሰውዬ ደጅ ነው። እስክጨርስ ካዳመጠኝ በኋላ «የአባቴን ዕዳ አባቴ ከፍሎታል» አለ።

«በሞቴ፣ ለትንሽ ጊዜ ቅር።»

«ቀርቼ የት ልግባ? በአንቺ ቀሚስ ሥር ልደበቅ? የቀረሁ ለት ነው ፈርቷል የሚባለው። የፈራ ደግሞ የበደለ ይመስላል።»

ሄደ። ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት እንዴት እንዳለፉ እኔና እመብርሃን ነን የምናውቀው። ገበያ መሐል የማንም ስልክ ጮክ ብሎ ሲያወራ ዘንቢሌን አስቀምጬ አዳምጣለሁ። ሚኒባስ ውስጥ አንዱ ትረካ ሲከፍት ድምፁ የማን እንደሆነ እስክለይ ትንፋሼን እይዛለሁ። ባሌ በሄደባቸው ቀናት የአይሱዙ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ሕፃኑን ከጡቴ ነጥቄ ደጅ እወጣለሁ። ወተቴ ቀነሰ። ሕፃኑ ያለቅሳል፤ እናቴ ቡዳ በልቶሽ ነው ትላለች፤ እኔ ምን ብዬ ልንገራት? የመመለሻው ቀን ደረሰና አለፈ። ሰውየው አልመጣም። ኃላፊው በጠዋት መሳቢያውን ከፍቶ መታወቂያውን ያያል፤ እኔን ያያል፤ መልሶ ይዘጋዋል። ቤቱ ድረስ ሄጄ ካርዱን ልጠይቅ ብዬ አስቤም ነበር፤ መልበስ ጀምሬ ነጠላዬን እንደያዝኩ ተቀምጬ ቀረሁ።

በመጨረሻ እሱ ራሱ መጣ። የገበያ ቀን ነበር፤ ከሰዓት በኋላ። ኃላፊው እንደ ልማዱ ስብሰባ ተጠርቷል፤ አንባቢዎቹ ወጥተዋል፤ በአዳራሹ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። በርኖሱን ደርቦ፣ ዱላውን ይዞ ገባ። መጀመሪያ ያየሁት ፊቱን አይደለም፤ በርኖሱን ነው። ከሥሩ ምን እንደያዘ ለማወቅ እጁን ፈለግሁ፤ እጁ አይታይም።

«ደህና ዋልሽ» አለ።

«ደህና ዋሉ» አልኩ። በዕድሜ እኩያዬ ነው፤ ፍርሃቴ ነው አንቱ ያስባለኝ።

«አንቱ አትበይኝ» ብሎ ወንበር ሳበና ከፊቴ ተቀመጠ። ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋደመ። ከበርኖሱ ሥር እጁን ሲያወጣ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስከፍት ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦታል።

«ካርዱን የወሰድኩት በጎቼ ታመውብኝ፣ ምክር አለበት ቢሉኝ ነው። ስፈልግ ሌላ አገኘሁ» አለ። ቀጥሎም «የማን ሚስት እንደሆንሽ አውቃለሁ» አለኝ።

በዚያ ቀን ባሌ ገበያ ጨርሶ እዚያው ሊወስደኝ ይመጣል። በሩን እያየሁ፣ አምላኬ ሆይ ዛሬ አይምጣ፣ መኪናው ይበላሽበት፣ ጎማው ይፈንዳ እያልኩ እለምናለሁ።

«ወንድሜ፣ እኛ…» ብዬ ጀመርኩ፤ አልጨረስኩትም። ይቅር በለን ልበል? ምንም አላደረግንም ልበል?

«አባቴ ግራኝ እንደነበረ ታውቂ ነበር?» አለኝ በመሐል።

«ከዚህ ቅጂ በፊት አላውቅም ነበር።»

«እኔም አላውቅም ነበር። ልጄ ግራኝ ነው። ሚስቴ በግራ እጁ ሲበላ ትቆጣዋለች፣ እኔም ከማን አመጣው እላለሁ።» ስልኩን በአውራ ጣቱ ይጠርገዋል። «እናቴ ስጠይቃት ታለቅሳለች። ሰዉ ስጠይቀው ጨዋታ ይለውጣል። አባቴ መልኩ ምን ይሁን፣ ሳቁ ምን ይሁን፣ አንድ ሰው ነግሮኝ አያውቅም። በግዝት እንደሆነ አሁን ነው የገባኝ። አባቴን የሰማሁት ከዚህ ነው፤ ሌላ ቦታ የለም።»

እስከዚያች ደቂቃ ያ ግዝት ለሁላችንም የተዘረጋ ጥላ ይመስለኝ ነበር። ይህን ሰው ምን እንዳስከፈለው አንድ ቀን አስቤ አላውቅም። አሁንም ፍርሃቴ አልለቀቀኝም፤ ከፍርሃቴ ጋር ግን አዘንኩለት።

«ካርዱን ልመልስ አልመጣሁም» አለ። «ኮምፒውተሩ ድምፅ ይቆርጣል ሲሉ ሰምቻለሁ። የአማትሽን ስም ቁረጪልኝ። ሌላውን ተዪልኝ።»

ተሳስቼ የሰማሁ መሰለኝ። «ስሙን ብቻ?»

«ስሙን ብቻ። ልጄ ስልኩን ሁሌ ከእጄ ይነጥቀኛል። ይሄን ገና አላሰማሁትም፤ ካሰማሁት ያያቱን ወግ ቀን ከሌት ይሰማዋል። መስከረም ላይ አንደኛ ክፍል ይገባል። የአንቺም ትልቁ ይገባል፤ አይደል? ትምህርት ቤቱ ያው አንድ ነው። እዚያ ስም የሚጠራው ደግሞ እስከ አያት ነው።»

እኔ እኮ ይህን ሁሉ ቀን ስንቀጠቀጥ የነበረው ለባሌ ነው። ልጄ ያንን ስም ሦስተኛ አድርጎ ተሸክሞት እንደሚዞር፣ በስድስት ዓመቱ በአንድ ልጅ ፊት በዚያ ስም እንደሚጠራ፣ ጭራሽ አልታየኝም።

ካርዱን አውጥቼ ኮምፒውተሩ ውስጥ ከተትኩ። ቦታውን ማግኘት አቃተኝ። ወደ ኋላ እየመለስኩ ስፈልግ አዛውንቱ ስሙን ሲጠሩ ለእኔ ሦስቴ፣ ለእሱም ሦስቴ ተሰማ፤ በተሰማ ቁጥር ዱላውን ያየው ነበር። መብራት እንዳይጠፋ እየጸለይኩ ቆረጥኩት። ባሌ የሚጠራበትን፣ በጋብቻ ወረቀቴ ላይ ያለውን፣ ልጄ የሚወርሰውን ስም በገዛ እጄ አጠፋሁት። ካርዱን ስመልስለት ስልኩ ውስጥ ከትቶ ከመጀመሪያው አዳመጠ። የተቆረጠው ቦታ ሲደርስ አዛውንቱ ለአፍታ ዝም ይላሉ፤ ከዚያ ይቀጥላሉ።

«ይበቃል» ብሎ ተነሳ።

ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፣ «አንተስ?» አልኩት።

በሩ ጋ ቆመ። «እኔ ሰምቼዋለሁ» አለ። «ስለ እኔ አትጠይቂኝ። እኔ ገና ነኝ።»

መታወቂያውን እንኳ ሳይወስድ ሄደ። ባሌ ሲመጣ ወንበሬ ላይ እያለቀስኩ አገኘኝ። ሁሉንም ነገርኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ አፉ ቀልድ አላወጣም። በቀየት መንገድ መሄዱን አልተወም፤ ክረምቱንም በሙሉ እኔ በእያንዳንዱ የገበያ ቀን ደጅ ቆሜ አሳለፍኩ። ምንም አልሆነም። ምንም አለመሆኑ ግን ነገ ምንም እንደማይሆን አይነግርም።

ትምህርት የተከፈተ ዕለት ልጄን ይዤ ሄድኩ። አዲሶቹ ልጆች ግቢው ውስጥ ተሰብስበዋል፤ ወላጅ በአጥሩ ዳር ቆሟል። መምህሯ ወረቀት ይዛ፣ በየክፍሉ ስትመድብ ስም እስከ አያት እየጮኸች ትጠራለች። እሱም መጥቷል፤ በርኖሱን ደርቦ ከማዶ ቆሟል። ልጁ ቀድሞ ተጠርቶ ሰልፍ ገብቶ ነበር።

ከዚያ የልጄ ስም ተጠራ፤ የባሌ ስም ተጠራ፤ የአማቴም ስም በግቢው ሙሉ ተሰማ። ልጄን ማየት አልቻልኩም። ያየሁት የዚያን ሰው ልጅ ነው። አዲሱን ጫማውን ጎንበስ ብሎ በግራ እጁ ያስራል፤ ቀናም አላለ። ከዚያ አባቱን አየሁ። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ዱላውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ስሙ ተጠርቶ እስኪያልፍ ይጠብቃል።

ልጄ «አቤት!» ብሎ ሮጠና ከልጁ ኋላ ተሰለፈ።