ምናሴን ፍለጋ ወደ ተማርኩበት ከተማ

ሶዶ

ናይሮቢን ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋት ሁለተኛ ዲግሪዬን ይዤ ስመለስ ነበር። አንድ ቀን ለሽርሽር እመለስባታለሁ እያልኩ ዓመታት አለፉ። ዘንድሮ ክረምት ገብቶ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ተመለስኩባት፤ ግን ለሽርሽር አልነበረም። የእህቴ የአስቴር ልጅ ምናሴ በሞያሌ አድርጎ ደቡብ አፍሪካ ሊገባ ከወላይታ፣ ከቦዲቲ ወጥቶ ነበር። ናይሮቢ፣ ኢስሊ የሚባለው ሰፈር ደርሻለሁ ብሎ ከደወለ በኋላ ስልኩ ተዘጋ።

ቤተሰቡ ተሰብስቦ "አንቺ አገሩን ታውቂዋለሽ" አለኝ። የማውቀው የዩኒቨርሲቲዬን ቤተ መጻሕፍትና ከግቢው እስከ ገበያው ያለውን መንገድ ብቻ ነው። ይህን ለአስቴር ልነግራት አልደፈርኩም። ሃያ ሁለት ዓመት ያሳደገችውን ልጅ አመጣልሻለሁ እንድላት አፍ አፌን ታይ ነበር።

እሁድ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች እጅ ጭነው ጸለዩልኝ። ጸሎቱ በረዘመ ቁጥር ምን ዓይነት ቦታ ልሄድ እንደሆነ ይበልጥ እየገባኝ መጣ። 

እስከ ሞያሌ

ሚኒባሱ ተበላ በምትባለው ከተማ በኩል ወደ አርባ ምንጭ ወረደ። ሶዶ ላይ ጃኬት ለብሼ ተነስቼ ተበላ ስደርስ አወለቅሁት። የአባያ ሐይቅ በዝናቡ ደፍርሶ የሸክላ ቀለም ይዟል። መንገድ ዳር ሙዝ በሶዶ ገበያ ግማሽ ዋጋ ይሸጣል፤ አንድ እጅ ገዝቼ ግማሹን እንኳ መብላት አቃተኝ።

ከኮንሶ ወዲያ ምድሩ ቀላ፤ ግመሎች አስፋልቱን እንደ ግል ግቢያቸው ይሻገራሉ። ያቤሎ ላይ አንዲት የልብስ ነጋዴ አጠገቤ ተቀመጠች። ወዴት እንደምሄድ ጠይቃኝ እውነቱን ስነግራት ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"ሰው ልፈልግ ነው የምሄደው ብለሽ ለማንም እንዳትናገሪ።"

"ለምን?"

"ልጆቹን የያዟቸው ደላሎች በየቦታው ጆሮ አላቸው። የድሮ ትምህርት ቤቴን ልጎበኝ ነው በዪ።"

ድንበር ላይ ያለችኝን አልኩ። ግማሽ እውነት ስለነበር አልተንተባተብኩም።

ማርሳቢትን አልፈን

በእኔ ጊዜ ይህ ከሞያሌ ናይሮቢ የሚወስደው መንገድ ኮረትና አቧራ ነበር፤ አሁን አስፋልቱ ልስልስ ብሏል። ኬላው ግን ብዙ ነው። በአንዱ ኬላ ፖሊስ ይዞ መንገድ ዳር መሬት ላይ ያስቀመጣቸው ሁለት ወጣቶች አየሁ። የእኛው ልጆች ናቸው፤ እንዳያመልጡ የጫማቸው ክር ተፈቷል። አንገቴን በመስኮት አውጥቼ ፊታቸውን አየሁ። ምናሴ አልነበረም። ደስ አለኝ፤ ወዲያው በደስታዬ አፈርኩ። እነሱንም የምትጠብቅ እናት አለች።

ኢስሊ

ናይሮቢ በሐምሌ ብርድ ናት፤ ሰማዩ ቀኑን ሙሉ እንደ ከሰል ጭስ ይሆናል። መጀመሪያ የድሮ ግቢዬ በር ላይ ቆምኩ። አጥሩ አዲስ ነው። ዘበኛው ማንን እንደምፈልግ ሲጠይቀኝ "ማንንም" አልኩ። ወደ ኢስሊ ከመሄድ ለመዘግየት ብቻ እንደመጣሁ ለራሴም ግልጽ ነበር።

ኢስሊ ውስጥ የምናሴን ፎቶ ይዤ ከሱቅ ሱቅ ዞርኩ። ፎቶውን ባወጣሁ ቁጥር ሰው ሁሉ ሥራ ይበዛበታል። ምሳ የበላሁበት ቤት ባለቤት፣ የአገራችን ሴት፣ ሳህኔን እያነሳች መከረችኝ።

"ልጄ፣ ፎቶ የሚያሳይ ሰው እዚህ ወይ ፖሊስ ነው ወይ ደላላ። ማን ያምንሻል?"

ፎቶውን ቦርሳዬ ከተትኩ። ከዚያ የፈሪ ብልሃት መጣልኝ። የተዘጋውን ስልኬን ጆሮዬ ላይ አድርጌ፣ በየፎቁ ሥር እየሄድኩ፣ የአገሬ ልጅ ቢሰማኝ ብዬ ድምፄን ከፍ አድርጌ በወላይትኛ ማውራት ጀመርኩ። ቦዲቲ ዝናቡ ጥሩ እንደጣለ፣ ጎረቤታችን አዲስ ቤት እንደጀመረ፣ የአስቴር ላም እንደወለደች መስመር ላይ ለሌለ ሰው አወራሁ። ከሁለተኛው መንገድ ጀምሮ አንድ ወጣት ተከተለኝ። ስፈጥን ፈጠነ። ዝም ካልኩ የሚይዘኝ መሰለኝና ማውራቴን ቀጠልኩ። በመጨረሻ አጠገቤ ደርሶ፣ በወላይትኛ፣ በትሕትና ጠየቀኝ።

"ይቅርታ፣ ላሟ የወለደችው ወንድ ጥጃ ነው ሴት?"

"ሴት" አልኩት።

ልጁ ከእኛው ከወላይታ፣ የቦምቤ ነው። የምናሴን ስም ስጠራ ዙሪያውን አየና "ይምጡ" አለኝ። ደላላም ሊሆን ይችል ነበር። ግን ተከተልኩት። የፎቁ ደረጃ ጨለማ ነው፤ ግድግዳውን እየዳበስኩ ወጣሁ። ላይ ያለውን የብረት በር ከፈተልኝ። ውስጡ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ፍራሽ ነው፤ ምናሴ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ጉንጩ ገብቷል። አቀፍኩት፤ እሱ ግን እጁን አላነሳም።

"አክስቴ፣ ለምን መጣሽ?"

"እናትህ እንቅልፍ አጥታለች። ተነስ፣ እንሂድ።"

"ደላሎቹ ስልኬን ወስደውብኝ ነው ያልደወልኩት። የአባቴ በሬ ተሸጦ ነው የወጣሁት፤ ጊፋታ እየደረሰ ባዶ እጄን ልግባ?"

ጊፋታ አዲስ ዓመታችን ነው፤ ከአገር የወጣ ሁሉ ቅቤና ሥጋ ይዞ የሚገባበት። ቀጥሎ እንዴት እንደሚሄዱ ጠየቅሁት። ከዕቃ ጋር በተዘጋ መኪና ነው አለኝ። በተዘጋ መኪና ውስጥ አየር እንዴት እንደሚያልቅ የማውቀውን ሁሉ ክፍል ውስጥ እንደማስተምር ነገርኩት፤ ከዚያ አስተማሪነቴ አለቀና አለቀስኩ። ከኔ ጋር የመጣው ልጅ ፊቱን አዞረ።

"ትፈራለህ?" አልኩት።

"አልፈራም" አለ።

የእኔን ስልክ ትቼለት፣ ጠዋት አውቶቡስ ጣቢያ እንደምጠብቀው ነግሬው ወረድኩ። አውቶቡሱ እስኪንቀሳቀስ በሩ ላይ ቆምኩ፤ አልመጣም። ሁለት ዓመት ሙሉ በተማርኩባት ከተማ እንዲህ ያለ ደረጃ እንዳለ አላውቅም ነበር። እኔና ምናሴ የሄድንበት መንገድ አንድ ነው። እኔን ግን "ልትማር ሄደች" ብለው በጭብጨባ ሸኝተውኛል፤ እሱን ማንም አልሸኘውም።

ቦዲቲ

እስከ ቦዲቲ የፈራሁት ኬላውን ሳይሆን አስቴርን ነበር። ስልክ ስላልነበረኝ ምንም አልሰማችም ብዬ፣ አገኘሁት ግን ተውኩት የሚለውን በምን ቃል እንደምጀምር ሳውጠነጥን ደረስኩ። በሩን ራሷ ከፈተች፤ ከኋላዬ ማን እንዳለ አልተመለከተችም።

"ትናንት ደውሎልኛል" አለች።

"ምን አለሽ?"

"ፈራሁ አለኝ። መኪናው ሲመጣ ተደብቆ ቀርቷል፤ አንድ የቦምቤ ልጅም አብሮት ነው። እንደ ሕፃን ነበር የሚያለቅሰው።"

ቦርሳዬን ከትከሻዬ አውርዳ ወንበር ላይ አስቀመጠችልኝ። 

"ልጄ እንደሚፈራ አላውቅም ነበር" አለች። "አሁን መተኛት እችላለሁ።"