እሺ ማለት አይበቃም

ከአገር የወጣሁ ዕለት ማታ አባዬ ቦሌ አየር ማረፊያ በር ላይ ይዞኝ ቆመ። "ስትደርሺ ደውዪ። ሰው ቶሎ አትመኚ። ብርድ ላይ አትቁሚ።" ለሁሉም አንገቴን ደፍቼ "እሺ አባዬ" አልኩ። ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው። ልጅ ሆኜ የተናገረውን ቃል በቃል ብደግምበት "ታሾፊብኛለሽ?" ብሎ ጆሮዬን ቆንጥጦኛል።

ይሄ አስተዳደጌ ኦስሎ ላይ ጉድ ይሠራኛል ብዬ መች አሰብኩ! ቀን ቀን ቢሮ አጸዳለሁ፣ በእረፍቴ አብራሪነት እማራለሁ። የሬዲዮ ፈተና ላይ ፈታኙ የቁጥጥር ማማ ሆኖ "ከመንደርደሪያው በፊት ቁሚ" አለኝ።

"እሺ ጌታዬ፣ አመሰግናለሁ።"

"ወደቅሽ።"

"ምን አጠፋሁ? ታዘዝኩ እኮ!"

"መስማትሽን በምን ልወቅ? ትእዛዙን መልሰሽ ትደግሚያለሽ። የደገምሽውን ደግሞ ትፈጽሚያለሽ። ሁለተኛ ከወደቅሽ ብቻሽን መብረር የለም።" ዞር ብሎም አጠገቡ ለተቀመጠው ባልደረባው "ጨዋ ናት" ብሎ ሳቀ። ደሜ ፈላ! ጨዋነት ምኑ ያስቃል?

የአብራሪዎችን ንግግር የሚያሰማ ያገለገለ የሬዲዮ ስካነር ገዛሁና ስቶቭነር ሰፈር ያለችው ሂበሌ፣ ማለትም ምድር ቤት ያለች አንዲት ክፍሌ፣ መስኮት ሥር አስቀመጥኩት። ለካስ ትልልቅ ካፒቴኖች የቁጥጥር ማማዋ ሠራተኛ ያለቻቸውን እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ይደግማሉ! የሚቆጣም የለም። እኔም አብሬያቸው እደግም ጀመር።

ፎቅ ላይ ያለው አከራዬ በሬን ደበደበ።

"ፖሊስ ትሰልያለሽ?"

"ኔይ፣ አይደለም፣ አውሮፕላን ነው የምሰማው። አብራሪ ልሆን ነው።"

ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። "ጽዳት ነው የምሠራው አላልሽኝም?"

"የሚያጸዳ ሰው አይበርም ያለህ ማነው?"

"ወይ ይጥፋ፣ ወይ ልቀቂ!"

እሱ እሁድ እሁድ የበረዶ ሸርተቴ በቴሌቪዥን እያየ ጣሪያዬ እስኪናጋ ይጮሃል። የእሱ ጩኸት ስፖርት፣ የእኔ ስለላ! ሌላ ቤት ፍለጋ መንከራተቱን ሳስበው ግን ንዴቴን ዋጥኩና የጆሮ ማዳመጫ ሰካሁ።

የድጋሚው ፈተና ዋዜማ አባዬ ደወለ። "ቁርስ ብዪ። ቀስ ብለሽ ተናገሪ። እንዳትፈሪ።"

ሳላስበው "ቁርስ እበላለሁ፣ ቀስ ብዬ እናገራለሁ፣ አልፈራም" አልኩት።

"ታሾፊብኛለሽ?"

"ኧረ አባዬ! እዚህ መስማታችንን የምናሳየው እንዲህ ነው። የደገምነውን እንፈጽማለን።"

"እንዲያ ከሆነ ይቺንም ድገሚልኝ" አለ ድምፁ ለስልሶ። "ሳልሞት ነይ።"

ኖርዌይ የሰጠችኝ የስደተኛ ፓስፖርት ግን ከኢትዮጵያ በቀር ወደ ሁሉም አገር ያስኬዳል ይላል።

"አባዬ፣ ትሰማኛለህ?" አልኩት፣ መስመሩ የተበላሸ ይመስል። ይሰማኝ ነበር። የሚጠብቀው እንድደግምለት ብቻ ነበር።