የአርዲስ ሳጥንና የዴልማር ጥም

በሂልማ ቡና ቤት የሚወራውን ልንገራችሁ። አርዲስ ኩሲስቶ በሐምሌው የዓሣ ጉዞ ላይ የእህቷን ባል፣ ዴልማር ብሬኬን፣ ከነነፍሱ በረዶ አድርጋዋለች ነው የሚባለው። ሰው ሠራሽ ጥርሱ ከቢራ ቆርቆሮ ጋር ተጣብቆ ቀርቷል፤ ጢሙን ሲነኩት እንደ ደረቅ ሣር ተሰባብሯል፤ ከጀልባ ሲያወርዱት እንደ ግንድ ተንከባልሎ ዳክዬ ገድሏል። በመጨረሻም ቀልጦ እግሯ ላይ ወድቆ አልቅሷል፤ እሷም አብራው አልቅሳ፣ አንገቱን አቅፋ ስማ፣ «ያለፈው አለፈ» ብላዋለች።

እኔ ግን ጥርጣሬ አለኝ። ጥርሱን ልቀበል፤ ጥርስ ይጣበቃል። ዳክዬዋንም ልተዋት፤ መሞቷ መች ይቀር ነበር። ጉሮሮዬ ላይ የሚቆመው አርዲስ ይቅር አለች የሚለው ነው። ይህች ሴት ለይቅርታ አፏን አትከፍትም፤ ከከፈተች ብርዱ ይወጣባታል። ደግሞም እኔ እዚያው ደሴት ላይ ነበርኩ፤ ያየሁትን አይቻለሁ።

አርዲስ የሰሜን ሚኒሶታ ልጅ፣ የበረዶ ቆራጭ ልጅ ናት። ዛሬ በመንደራችን ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት የለም፤ እንዲያውም ለውሻው ለብቻ የገዛ አለ። እሷ ግን «ኤሌክትሪክ እንግዳ ነው፤ ደስ ሲለው ይመጣል፣ ደስ ሲለው ይሄዳል» ትላለች። የካቲት ላይ ሐይቁ ሲጠጥር ረጅም መጋዟን ይዛ ትወጣለች። በረዶውን እንደ ጥርብ ድንጋይ እየቆረጠች፣ በመንሸራተቻ እየጎተተች ወስዳ፣ ከቤቷ ጀርባ ባለው ጎተራ ሰጋቱራ ውስጥ ትቀብረዋለች። ሐምሌ ላይ እኛ ላባችንን ስንጠርግ እሷ ሰጋቱራውን ገለጥ አድርጋ የካቲትን ታወጣለች።

ቂሟንም የምታስቀምጠው በዚሁ ዘዴ ነው። በልጅነቷ ጠጉሯን የጎተተቻት ልጅ ዛሬ ቅድመ አያት ሆናለች፤ የአርዲስ ቂም ግን ጠርዙ እንኳን አልቀለጠም። አግብታም ነበር። የተፋቱት ባልየው የበረዶ ሳጥኗን ክዳን ክፍት ትቶ ስለሄደ ነው ይላሉ። እኔ ነው ብዬ አልምልም፤ ሌላ ምክንያት ግን ሰምቼ አላውቅም።

በየዓመቱ ሐምሌ ላይ የመንደራችን ሰው ተሰባስቦ ድብ ደሴት ይወርዳል። ሳምንቱን ሙሉ ዋልአይ የምንለውን ዓይነ ብርሌ ዓሣ ስናሳድድ እንሰነብታለን። ደሴቱ ላይ ሱቅ የለም፣ መብራት የለም፤ ያለው ጥድ፣ ትንኝና የበረዶ ሳጥን ነው። እዚያ ጀልባ ነጂው ይታማል፣ አጥማጁ ይዋሻል፤ የሚፈራው ሳጥኑን የያዘው ሰው ብቻ ነው። ያ ሰው ደግሞ ከጥንት ጀምሮ አርዲስ ነበረች። በመንደር ውስጥ ማንም ቦታ አይሰጣትም፤ ደሴቱ ላይ ግን ንግሥት ናት።

ሕጓ ጥብቅ ነው። የምግብ ሳጥን ጠዋትና ማታ ብቻ ይከፈታል። መጠጥ ለብቻው ሳጥን አለው፤ የጠጪ እጅ ስለማያርፍ። ማንም ሰው ክዳን ከፍቶ አያስብም፤ መጀመሪያ አስቦ ነው የሚከፍተው። የቀለጠው ውሃ እስከ መጨረሻው አይደፋም፤ እሱም ብርድ ነውና። ሳጥኑ በጥላ ይቀመጣል፣ እርጥብ ጆንያ ይለብሳል። አንድ ጊዜ ፓስተራችን ክዳኑን ይዘው ከቢጫው አይብና ከነጩ የቱን እንደሚመርጡ ሲያወጡ ሲያወርዱ፣ በጣታቸው ላይ ከድናባቸዋለች። በሚቀጥለው እሑድ የሰበኩት ስለ ቁርጠኝነት ነበር።

አሁን ወደ ዴልማር። ዴልማር በረዶ ጠራጊ መኪና ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ አፉ ግን ጡረታ አልወጣም። ስላመለጠው ዓሣ ሲያወራ ሁለቱንም እጁን ዘርግቶ ካላሳየ አይሆንለትም። እና ባለፈው ዓመት፣ ቢራዎቹ ከመጠጡ ሳጥን ቢተርፉበት፣ በስውር የምግቡ ሳጥን ውስጥ ይወሽቃቸዋል። ጥም በመጣ ቁጥር ያንን ይከፍታል። ከፍቶም ወሬ ይጀምራል። እጁ ዓሣውን ስለሚለካ ክዳኑን በአናቱ ደግፎ ይቆማል። ዓሣው ባደገ ቁጥር በረዶው ያንሳል።

ይህ ሳያንስ፣ አርዲስ ጀልባ ላይ ሳለች፣ «ውሃ በረዶ ያቀልጣል» ብሎ ቀዝቃዛውን ውሃ በሙሉ ደፋው። የትል ዕቃውንም ቅቤው አጠገብ አስቀመጠ። ትል ነገሩ ንጹሕ ፍጥረት ነው፤ ከዴልማር ይልቅ ንጹሕ ነው፤ እሱን እንተወው። በማግስቱ ማታ የአርዲስን የድንች ሰላጣ ከነማዮኔዙ በላን። ሌሊቱን አልተኛንም። ደሴቱ ላይ ሽንት ቤቱ አንድ ነው፤ ሰልፉ እስከ ጀልባ ማሰሪያው ደረሰ። የሚሮጡ ነበሩ፣ የሚጸልዩ ነበሩ፣ ወደ ካናዳ በዋና የሄደ አለ።

ዴልማር ብቻ ጤነኛ ነበር፤ ሆዱ ቢራ ስለሞላ ሰላጣውን አልቀመሰም። መንደር እንደተመለስን ሂልማ ቡና ቤት ገብቶ፣ «ምን ይደረግ፣ አርዲስ እጇ ከዳት። አርጅታለች» አለ። መንደሩም አመነው። ከመሃላችን ለማውራት ጉልበት የነበረው እሱ ብቻ ነበራ!

በጸደይ ለዘንድሮው ጉዞ ተሰበሰብንና ሳጥኑ ለዴልማር ተሰጠ። አርዲስ ኮፍያዋን አድርጋ ወጣች። እኔ በመስኮት ሳይ በቀጥታ ወደ ጎተራዋ፣ ወደ ሰጋቱራው ነው የሄደችው። የዚያን ዕለት ደሴቱ ላይ ለሚሆነው ነገር ሁሉ ፈራሁ።

የጉዞው ቀን ዴልማር አዲስ ሰማያዊ ሳጥን ይዞ መጣ። የሬሳ ሣጥን ያህላል፤ ሁለት ሰው ጋደም ቢል ይበቃዋል። ምግቡም፣ መጠጡም፣ ትሉም ባንድ ላይ ታጭቆበታል። «ሁለት ሳጥን የድሮ ሰው ነገር ነው» እያለ ክዳኑን ይመታል።

አርዲስ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አንጠልጥላ፣ ወፍራም ጓንት አጥልቃ መጣች። የራሷን አሮጌ የእንጨት ሳጥንም በጋሪ ትጎትታለች።

«ዴልማርዬ» አለችው። ዴልማርዬ ስትል የሰማ ሁሉ አንድ እርምጃ ወደኋላ አለ። «ደረቅ በረዶ ነው፣ ከተራው በረዶ እጅግ የሚበርድ፣ ውሃ ሳይሆን ጭስ ሆኖ የሚያልቅ፤ ከከተማ ያስመጣሁልህ። ለዓሣው ብቻ ነው፤ ትንሽ ትንሽ እያልክ። አደራ፣ ከመጠጡ ጋር እንዳታደርገው። ከምግቡም አርቀው። ሁሉንም ባንዴ እንዳትጨምረው።»

«ውይ፣ እማማ በረዶ! ካንቺ ልማር እንዴ እኔ?»

«ሰምታችኋል አይደል?» አለች ወደ እኛ ዞራ።

«ሰምተናል፣ እትዬ አርዲስ።»

«እንግዲህ ነግሬዋለሁ።» ከዚያም ጥቅሉን ለእኔ ሰጥታ፣ «ተሸክመህ አድርስለት፣ የኔ ወንድም። በባዶ እጅህ እንዳትነካው» አለችኝ።

ዴልማርን የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ነገሩ ይገባዋል። ይህ ሰው እህቷን ካገባ ጀምሮ አርዲስ ያለችውን አድርጎ አያውቅም። ተቀመጥ ስትለው ይነሳል፤ ካፖርት ልበስ ስትለው ሸሚዙን ያወልቃል። አንዲት ሴት ለጠላቷ በምስክር ፊት ቅን ምክር ስትሰጥ ማየት እንዴት ያስፈራል መሰላችሁ! ገና ከወደቡ ሳንርቅ ዴልማር ጥቅሉን በሙሉ ሳጥኑ ውስጥ ዘረገፈው። «ብርድ በዝቶ ማንን ገደለ?» አለ።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ሙቀቱ ልክ አጣ። ደንጊያው ላይ የተቀመጠ ሰው ተጠብሶ ይነሳል። ከጠዋት ጀምረን ስናጠምድ ውለን ምላሳችን ላንቃችን ላይ ተለጥፏል። ሐይቁን እንዳንጠጣ ውሃው ሐምሌ ላይ አረንጓዴ ነው፤ የጠጣው ሰው ወደ አምናው ሰልፍ ይመለሳል።

«ዴል፣ ቢራ!» አልነው ባንድ ድምፅ።

ዴልማር ክዳኑን ሲያነሳ ነጭ ጭስ ተንዶ ወጣና እግሩን ዋጠው። ጭሱ ሲገለጥ አየን። የቢራ ቆርቆሮዎቹ እንደ እርጉዝ ፍየል አብጠዋል፤ ያልቻሉት ፈንድተው ዕቃውን ሁሉ በቢራ አመዳይ ሸፍነውታል። ለስላሳው ድንጋይ። ውሃው ድንጋይ። እንቁላሉ ተሰነጣጥቋል። ሰላጣ ቅጠሉን ስነካው እንደ ብርጭቆ ተሰበረ። በጢስ የደረቀውን የአሳማ ሥጋ አንዱ በመጥረቢያ ቢመታው መጥረቢያው ነጥሮ ጥድ ላይ ተሰካ። ትሎቹ እንደ ምስማር ቀጥ ብለው ሞተዋል።

«ለፀሐይ እናስጣው፤ ባንዴ ነው የሚቀልጠው» አለ ዴልማር። አንዱን ቆርቆሮ አንስቶ ሊልሰው ሲል ከንፈሩ ተጣበቀ። የጥርሱ ወሬ የመጣው ከዚህ ነው። እህ እህ እያለ ሲፈራገጥ ሚስቱ ሎርና ለብ ባለ የሐይቅ ውሃ አላቀቀችው።

ያኔ ነው በርች ዛፍ ጥላ ሥር ያለችውን አርዲስን ያየናት። አሮጌ ሳጥኗ እርጥብ ጆንያ ለብሷል። እሷ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ካልሲ ትሠራለች። ቀስ ብላ ተነሳች፣ ክዳኑን ከፈተች፣ ትልቅ የሎሚ ጭማቂ ማሰሮ አወጣች፣ ከደነች። ጧ! ማሰሮው ወዲያው ላብ አወጣ። ጠብታው በማሰሮው ሆድ ላይ ሲወርድ ሁላችንም በዓይናችን ተከተልነው።

«ተራ ያዙ» አለች።

ያዝን። የአምናውን ሰልፍ ያህል ሆንን። ፊተኛዋ ሎርና ነበረች።

«እህቴ፣ አምና ሰላጣውን ማን አበላሸው?»

«ባሌ ነዋ!» አለች ሎርና ሳታስብ። «አብዝተሽ ቅጂልኝ።»

ቀጥዬ እኔ ደረስኩ። ሰው ነኝና ለማስታረቅ ፈለግሁ። «እትዬ አርዲስ፣ የሆነው ሆኗል፣ አሁን ማን ምን እንዳደረገ...»

«አይዞህ፣ ገና አልተጠማህም። ወደኋላ!»

ከሰልፉ መጨረሻ ሆኜ ሌሎቹ «ዴልማር»፣ «እሱ ነው»፣ «ጋሼ ዴልማር፣ እግዜር ይይለት» እያሉ ሲጨልጡ ሰማሁ። ተራዬ ሲደርስ አባቴን ጠይቃኝ ቢሆን አባቴን አሳልፌ እሰጥ ነበር።

ዴልማር አልመጣም። ቆርቆሮውን በሸሚዙ ውስጥ ሆዱ ላይ አድርጎ፣ አቅፎ እያቀለጠ ተቀመጠ። ሆዱ ቀላ፣ ቢራው ግን ንቅንቅ አላለም። ፀሐይዋ ዘንበል ስትል፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ መጣ።

«እሺ፣ ምን ልበል?»

«ክዳኑን ማን ከፍቶት ዋለ?»

«እኔ።»

«ውሃውንስ?»

«እኔ ነኝ የደፋሁት።»

«እጇ የከዳት ማን ናት?»

«ማንም። አንቺ እጅሽ ምንም አልሆነም።» ድምፁ ወደ ሹክሹክታ ወረደ። «አሁን ስጪኝ፣ አርዲ፣ በፈጠረሽ።»

አርዲስ ከእግሯ ሥር አንድ ጣሳ አነሳች። ለሻይ አፍልታ ያስቀመጠችው ውሃ ነው፤ በፀሐይ ውሎ ለብ ብሏል። ሰጠችው።

«ሙቅ ነው እኮ ይሄ!»

«ነው።»

«ቀዝቃዛ አለሽ! አይቻለሁ!»

«አለኝ፤ ግን ሳጥን ውስጥ ነው። ለአንድ ሰው ብላችሁ ክዳን እየከፈታችሁ ብርዱን አታስወጡ ብዬ ስንት ዘመን ነገርኳችሁ?»

ጠጣው። ሌላ ምን ያደርጋል? አርዲስ እያንዳንዱን ጉንጭ በዓይኗ ሸኘች። ሲጨርስ ጣሳውን ተቀብላ አለቀለቀችና ካልሲዋን አነሳች። ማልቀስ የለ፣ ማቀፍ የለ። ሎርና ናት «ለከርሞ ሳጥኑ የአርዲስ ነው፤ የሚቃወም አለ?» ያለችው። ገና ጥም ያልወጣለት ጉባኤ ምን ይቃወማል። ዴልማር እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ሥጋውን በቢላ እየፋቀ እንደ አይስክሬም በላ።

ይኸው፣ ያየሁት ይህን ነው። ከዚህ የተረፈው የሂልማ ቡና ቤት ቅመም ነው። ታዲያ ትናንት እዚያው ተቀምጬ ይህንኑ ለሰው ሳብራራ አርዲስ ገባች። ቦታ ለቀኩላትና ወሬውን ከነጥርሱ፣ ከነዳክዬዋ፣ ከነመሳሳሙ ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝ።

«ውሸት ነው» አለች።

«እኔም ያልኳቸው እሱን ነው። አልተቃቀፋችሁም፣ እሱ ብቻ...»

«ሁሉም ውሸት ነው። ያንተም ጭምር።»

«እንዴ፣ እትዬ አርዲስ! ደረቅ በረዶውን እኮ እኔ ነኝ የተሸከምኩት!»

«አልተሸከምክም። ደረቅ በረዶ አላመጣሁም።»

«ሰልፉስ? ለብ ያለው ውሃስ? ዴልማር እኔ ነኝ ብሎ አላመነም?»

«ምን ሊያምን? ሰልፍም አልነበረም፣ በቀልም አልነበረም። ሳጥኑንም ማንም ወስዶብኝ አያውቅም።»

«አምና ሁላችንም በሰላጣሽ...»

ስኒዋን አስቀመጠች። «አምና ሰላጣው ደህና ነበር። እኔ ከያዝኩት ሳጥን ተበላሽቶ የወጣ ምግብ የለም፤ ኖሮም አያውቅም።»