ከመስመሩ በላይ የተሞላ ውሃ

ጭሮ ውስጥ በማሽን እየተነፈሰ የሚተኛ ሰው እኔ ብቻ የነበርኩ ይመስለኛል። በእንቅልፌ መሀል ትንፋሼ ደጋግሞ እንደሚቋረጥ አዲስ አበባ ያለ ሐኪም ነግሮኝ፣ በቱቦና አፍንጫዬ ላይ በሚታሰር ጭምብል አየር የሚነፋልኝን ማሽን ይዤ ወደማስተምርበት ከተማ ተመለስኩ። ከማሽኑ ጎን አየሩን የሚያረጥብ ውሃ የሚጠራቀምበት ትንሽ ሣጥን አለ። ሣጥኑ ላይ አንድ መስመር ተሰምሯል። ውሃው ከመስመሩ አይለፍ፣ ሌሊት ላይም አይለቅ፤ የሐኪሙ ትእዛዝ ይኸው ነበር።

ሲሉት ቀላል ነው። የጭሮ የቧንቧ ውሃ ግን በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ሲመጣም ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት ይጥላል። ስለዚህ እኔ የቧንቧውን እየጠጣሁ ለማሽኑ የታሸገ ውሃ እገዛለት ጀመር። ጎረቤቶቼ "መምህሩ ማሽን ይቀልባል" እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

ያን ሰሞን ህልሜን የሚወስነው የውሃው ልክ ነበር። ውሃው ካለቀ መቻራ እገኛለሁ፤ መጀመሪያ የተመደብኩባት ከተማ ናት። በጭነት መኪና ላይ ተሳፍሬ፣ አቧራ አፌን ሞልቶት፣ ስሜን ለሚጠይቀኝ ሰው መመለስ ያቅተኛል፤ ስነቃ ምላሴ ከላንቃዬ ተጣብቋል። ውሃው ልክ ሲሆን ደግሞ ከጭሮ ብዙም የማትርቀው የበደሳ ጉም ይመጣል። በቡና ዛፎች መሀል እሄዳለሁ፤ ቅጠሉ ሁሉ ይንጠባጠባል፤ እግሬ መሬት አይነካም፤ የሚያስቸኩለኝም የለም። የጫት አይሱዙዎች ጥሩንባቸውን እየነፉ በዋናው መንገድ ሲያልፉ እንኳ፣ ጉሙ ውስጥ የሚያልፉ ትላልቅ ከብቶች ይመስሉኝ ነበር። ከዚያ ህልም መንቃት አልወድም ነበር።

እናቴ ከጎጃም ልትጠይቀኝ የመጣችው በዚህ መሀል ነው። ቤቴ አንድ ክፍል ስለሆነ አልጋዋን ከአልጋዬ ትይዩ ዘረጋሁላት። ጭምብሉን ሳጠልቅ አየችኝና አማተበች።

በሁለተኛው ሌሊት ህልሜ ውስጥ ወንዝ ገባ። እናቴ ማዶ ሆና ልብስ ታጥባለች፤ እኔ ወደ እሷ እሻገራለሁ፤ ውሃው ደረቴ ጋ፣ አንገቴ ጋ፣ ከዚያ አፍንጫዬ ጋ ደረሰ። ስባንን ቱቦው ይንዶቀዶቃል፣ ጭምብሉ ውስጥም ውሃ አለ። ሣጥኑን ባየው ከመስመሩ አልፎ ተሞልቷል። በማግስቱ አጥቤ ልኩን ሞላሁት። ወንዙ ግን ተመልሶ መጣ፤ ሣጥኑም እንደገና ከመስመሩ አልፎ ነበር።

እኔ ድሮም ውሃ ቀጠነ ብዬ የምጣላ ሰው ነኝ። የነገሩ ምክንያትም የገባኝ መሰለኝ። ጴንጤ ከሆንኩ ወዲህ እናቴ ስለ ነፍሴ አልቅሳ አልወጣላትም፤ ከደብሯ ይዛ የመጣችው የጠበል ጀሪካን ደግሞ አልጋዋ ስር ነው። ቁርስ ላይ ዳቦውን ሳልቆርስ ጀመርኩ።

"እማዬ፣ ጠበልሽን ማሽኔ ውስጥ አትጨምሪብኝ። እምነቴ ሌላ መሆኑን ታውቂያለሽ።"

ነጠላዋን ሰብሰብ አደረገች። "ጠበል ለማያምንበት አላባክንም" አለች። "የጨመርኩት ካንተው ከታሸገው ነው።"

"መስመሩን አሳይቼሽ የለም እንዴ?"

"አሳይተኸኛል።" ዳቦውን ራሷ ቆረሰችው። "አባትህም እንዳንተ ነበር የሚያንኮራፋው። ስንት ዘመን እንቅልፍ ነስቶኛል። አንድ ሌሊት ዝም አለ። 'ተመስገን፣ ዛሬስ አሳረፈኝ' ብዬ ተኛሁ። ሲነጋ ቀዝቅዞ አገኘሁት።"

አባቴ በተኛበት መሞቱን አውቃለሁ። እሷ ተመስገን ብላ መተኛቷን ግን አልሰማሁም ነበር።

"ማሽንህም ዝም ያሰኝሃል" አለች። "የመጣሁ ለት ደረትህ ላይ እጄን ሳሳርፍ፣ ሳነሳ ነጋ። ውሃውን ከፍ ሳደርገው ግን ስትስብ ይንዶቀዶቃል፣ ስትመልስ ያቆማል። ያኔ መኖርህን አውቃለሁ።"

አስተማሪ ነኝና ማስረዳት ጀመርኩ። ዝም የምለው ደህና ስለምተነፍስ ነው፤ የሚያስፈራውስ ማንኮራፋቱ ነበር አልኳት። ራሷን እየነቀነቀች ሰማችኝ። ዓይኖቿ ግን በእንቅልፍ እጦት ቀልተዋል፤ አንድም ቃል ልቧ እንዳልገባ አየሁ። አሳዘነችኝ።

የዚያን ዕለት ማታ እሷ እያየች ሣጥኑን ሞላሁ። መስመሩ ጋ ስደርስ አላቆምኩም። ውሃው ወደ አፍንጫዬ እንዳይመጣ ቱቦውን ብቻ ከአልጋው ዝቅ አድርጌ አሰርኩት። ጭምብሉን አጥልቄ ጋደም አልኩ። መንዶቅዶቁ ተጀመረ። ስስብ ይሰማል፣ ስመልስ ያቆማል። ጉሙም ወንዙም አልመጣም፤ እንዲሰማት ብዬ በረጅም በረጅሙ ስተነፍስ እንቅልፍ ራቀኝ። ጥቂት ቆይቼ አንገቴን ቀና አድርጌ ወደ አልጋዋ አየሁ። እናቴ እጇን ከጉንጯ ስር አድርጋ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ድብን ያለ እንቅልፍ ተኝታለች።