አገጯን የያዘችው ሙሽራ

ከቢቸና ተነሥተን ሞጣ እስክንደርስ የያዝነው ጥያቄ ያው ነበር፤ በቤቱ ሳይፈልግ አንገቱ የሚዞርበት፣ ዐይኑ እየተጨፈነ የሚያስቸግረው፣ ብዕር ሲይዝ ጣቱ የሚኮማተርበት ሰው አለ? ሕመሙ ዲስቶኒያ ይባላል። በአካባቢው ምን ያህል ሰው ላይ እንዳለ ለማወቅ ነበር ቤት ለቤት የምንዞረው።

ሰው ፊት መናገር ይከብደኛል። በር ከማንኳኳቴ በፊት ጥያቄውን በልቤ እደጋግመዋለሁ። መልሱ ግን በየቤቱ አንድ ነው፦ «ተመስገን፣ ሁላችንም ደህና ነን።» ስለ ጤናው የተጠየቀ ሰው አስቀድሞ ያመሰግናል፤ ካመሰገነ በኋላ «ግን» ማለት ይከብደዋል። ባዶ እጄን በወጣሁ ቁጥር ሕመሙ የለም ወይስ በወጉ አልጠየቅሁም የሚለው ይከነክነኝ ነበር።

ሞጣ፣ አንዲት እናት ቤትም እንዲሁ ተመሰገነ። ምራታቸው፣ ገና ዓመት ያልሞላት ሙሽራ፣ አገጯን በጣቷ ደግፋ ጥግ ላይ ቆማለች።

«አንቺ! እጅሽን አውርጂ አላልኩሽም?» አሏት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ጠዋት ማታ አገጯን ይዛ በደህና ቤት ለቅሶ ትጠራለች። እኔ ምራት አመጣሁ እንጂ አልቃሽ ቀጠርኩ? ልጄን ሳታስቀብረኝ፣ ፋሲካ ሳይደርስ ወደ አባቷ እሰዳታለሁ።»

አንገታቸው የሚዞርባቸው ሰዎች አገጫቸውን ሲነኩ ለጊዜው እንደሚቃናላቸው ለዚሁ ሥራ በተሰጠን ሥልጠና ሰምቻለሁ። ግን ብናገርስ? ሟርተኛ የተባለችው በሽተኛ ተብላ ብትባረርስ? ተነሣሁ፤ መልሼ ተቀመጥኩ። በመጨረሻ ለብቻዋ ላናግራት ብዬ ለመንኩ።

ጓሮ ወጥተን የጠረጠርኩትን ስነግራት ብዙ አላሰበችም።

«ንገሪያቸው። በሟርት ከምባረር በበሽታ ልባረር።»

ተመልሰን ገባን። «እማማ፣ አንድ ጊዜ ይዩልኝ» አልኩ። ልጅቷ እጇን አወረደች። አንገቷ ቀስ እያለ ወደ ግራ ዞረ፤ ልትመልሰው ስትታገል የአንገቷ ሥር ተገታተረ። በጣቷ አገጯን ስትነካ ተቃና።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሉ አማትየዋ።

«ከክረምቱ ወዲህ።»

«እና ዝም?»

«ሟርተኛ ሲሉኝ ምን ልበል?»

ወደ እኔ ዞሩ። «ይድናል?»

ባሕር ዳር የነርቭ ሐኪም እንዳለ፣ ሊያቀልላት እንደሚችል፣ ፈጽሞ ይድናል ብዬ ግን ቃል መግባት እንደማልችል ነገርኳቸው።

«ካልዳነስ?»

የመለሰችው ሙሽራዋ ናት፦ «ካልዳነ ይዤው እኖራለሁ፣ እማ።»

ያን ጊዜ ከደጅ «ቤቶች!» የሚል የጎረቤት ድምፅ ተሰማ። ልጅቷ ደንግጣ እጇን አወረደች፤ አንገቷም ዞረ።

«ያዢው እንጂ!» አሉ አማትየዋ፤ ለጎረቤቲቱ በሩን ሊከፍቱ እየተነሡ። «ማንን ትፈሪያለሽ?»