አባቴ ኢንቴቤ ላይ የጠፉብኝ ዕለት

ይህ ነገር ከሆነ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሳምንታት ቀርተውታል። ባሕር ዳር አንድ መድኃኒት ቤት ውስጥ የምሠራ ፋርማሲስት ነኝ። ሰው መድኃኒቱን መቼና እንዴት እንደሚወስድ ስመክር ነው የምውለው። ነገሩ እስካሁን ከአእምሮዬ ያልወጣልኝም ለዚህ ይመስለኛል፤ ለሌላው ሰው ስናገር የምውለውን ለገዛ አባቴ ረስቼው ነበር።

ታናሽ እህቴ የምትኖረው ካምፓላ ነው። እሷ ስትወልድ አባቴ የልጅ ልጄን ክርስትና ካላየሁ አሉ። እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ቀረች፤ እኔ ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ይዣቸው ሄድሁ። አባቴ ደቅ ደሴት ተወልደው ያደጉ መሪጌታ ናቸው። ስኳር ስላለባቸው ኢንሱሊን ይወጋሉ። ከአማርኛና ከግዕዝ በቀር ሌላ ቋንቋ አያውቁም።

ልንመለስ ሁለት ቀን ሲቀረን እህቴ "ሳታዩት እንዳትሄዱ" ብላን፣ ኢንቴቤ ከተማ ሐይቁ ዳር ወዳለው ትልቅ የዕፅዋት ቦታ ሄድን። እሷ ልጇን ትታ መውጣት ስላልቻለች አብራን አልመጣችም። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ መርፌያቸውን ወጋኋቸውና ሻይ በዳቦ ቀመሱ። ምሳቸውን፣ ፓስፖርታቸውን፣ ስልካቸውን ሁሉ እኔ ቦርሳ ውስጥ ከተትሁት። መንገዱ ተጨናንቆ ስለነበር አርፍደን ደረስን፤ ብዙም አልቆይም ያልሁት ሰው ሰዓቱን ጨርሶ ረሳሁት።

እንደዚያ ያለ ዛፍ አይቼ አላውቅም። ሥሩ ከመሬት ወጥቶ እንደ ግድግዳ የቆመ አለ። ሐረጉ ከላይ እስከ ታች እንደ ገመድ ተንጠልጥሏል። ጉሬዛዎች ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላሉ። እኔ በስልኬ ፎቶ ሳነሳ፣ አባቴ ከኋላዬ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቀስ እያሉ ይከተሉኛል።

"ልጄ፣ እስቲ ትንሽ አረፍ እንበል" አሉኝ።

"ይችን ብቻ፣ አባባ" አልኋቸው።

ትንሽ ቆይተው ደግመው ጠየቁኝ፤ እኔም ያንኑ መለስሁላቸው። ለሦስተኛ ጊዜ አልጠየቁኝም። ዝም ሲሉ የበረቱ መስሎኝ ነበር።

ኋላ አንድ የእንጨት አግዳሚ ላይ አስቀመጥኋቸውና "ውኃ ገዝቼ መጣሁ፤ ከዚህ እንዳይነሱ" ብያቸው ሄድሁ። የውኃ መሸጫው ሩቅ ነበር። ስመለስ ደግሞ አበባ አየሁና ቆምሁ። ሃያ ደቂቃ ሳልቆይ አልቀረሁም።

አግዳሚው ላይ ሰው የለም። መቋሚያቸው ብቻ መሬት ላይ ወድቋል።

አባቴ ያለ መቋሚያቸው የትም አይሄዱም። አንስቼ ይዤ "አባባ!" እያልሁ ተጣራሁ። በየዛፉ ሥር ሮጥሁ። የማገኘውን ሰው ሁሉ "ሽማግሌ፣ ነጭ ጥምጣም ያደረጉ፣ አይታችኋል?" እያልሁ በእንግሊዝኛ ጠየቅሁ። አንድ ወጣት ጎብኚ "አዎ፣ አይቻቸዋለሁ" ብሎ እየመራ ወሰደኝ። ልቤ ቀለል አለኝ። ስንደርስ ነጭ ጥምጣም ያደረጉ አንድ ሙስሊም አዛውንት ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ሣር ላይ ተቀምጠው ማንጎ ይበላሉ። ፊቴን አይተው ደነገጡና ተነሥተው አብረውኝ መፈለግ ጀመሩ።

ያን ጊዜ ሐይቁ ትዝ አለኝ። አባቴ ደሴት ላይ ያደጉ ስለሆኑ ውኃ ካዩ ሳይጠጉት አይቀመጡም። ቁልቁል ወደ ዳርቻው ሮጥሁ። ደንገሉ መሐል ነጭ ነገር ተንሳፍፎ አየሁ። ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ውኃው ውስጥ ገባሁ። ደርሼ ስይዘው ባዶ ማዳበሪያ ነው።

እዚያው ቆሜ ሳለሁ ስልኬ ጠራ። እናቴ ናት፤ ከባሕር ዳር።

"ደረሳችሁ? መሪጌታን እስቲ ስጭኝ" አለችኝ።

"ጸሎት ላይ ናቸው፣ እማ። በኋላ እንደውላለን።"

"በይ እንግዲህ፤ ምሳቸውን እንዳታሳልፊባቸው" ብላ ዘጋችው።

ሰዓቴን አየሁ። ስምንት ሰዓት ሆኗል። መርፌውን ከተወጉ ሰባት ሰዓት፣ ያውም በአንድ ቁራሽ ዳቦ። የመጣብኝን ድንጋጤ መናገር አልችልም። ስኳራቸው ሲወርድ የሚበሉት ከረሜላ ሳይቀር ያለው እኔ ቦርሳ ውስጥ ነው።

እያለቀስሁ ሽቅብ ስመለስ ችግኝ በሚያፈሉበት ዳስ አጠገብ አለፍሁ። ከውስጥ የወንድ ድምፅ ሰማሁ፤ የሚናገረው ግዕዝ ነው። በዚያ አገር ግዕዝ የሚናገር ሌላ ማን ይኖራል? ዘልዬ ገባሁ።

አባቴ በላብ ተጠምቀው አፈር በያዙ ከረጢቶች ላይ ተደግፈዋል። ዓይናቸው እኔን አያየኝም። ቦቲ ጫማ ያደረገች አንዲት ወፍራም ሴት በአንድ እጇ ጭንቅላታቸውን ይዛ፣ በሌላው የለስላሳ ጠርሙስ አፋቸው ላይ ደቅናለች።

"ምን እያደረግሽ ነው? ስኳር አለባቸው እኮ! ልትገያቸው ነው?" ብዬ፣ ከድንጋጤ የተነሣ ቅድም የፈራሁትን እንኳ ረስቼ፣ ጮኽሁና ጠርሙሱን ልነጥቃት ታገልሁ።

ሴትዮዋ አልለቀቀችም፤ አልተቆጣችምም።

"ባሌም ነበረበት" አለችኝ በእንግሊዝኛ። "እጃቸው ሲንቀጠቀጥ አታይም? ላባቸውን አታይም? ስኳራቸው ወርዷል። መቼ ነው የበሉት?"

እጄን ከጠርሙሱ ላይ አነሣሁ። እሷ በትንሽ በትንሹ አጠጣቻቸው፤ እኔ አጠገቧ ተንበርክኬ አየሁ። አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ዓይናቸው ጠራ።

"መጣሽ እንዴ?" አሉኝ። "ምነው ጫማሽ ረጠበ?"

ኋላ አባቴም ሴትዮዋም እንደነገሩኝ፣ አባቴ ሆዳቸውን ባር ባር ሲላቸው እኔን ፍለጋ ተነሡ። ከዚያ ወዲያ መንገዱም ራሳቸውም ጠፋባቸው። ሲንገዳገዱ ያያቸው ሰው ሰክረዋል ብሎ አልፏቸዋል። ሴትዮዋ ብቻ ቀርባ አነጋገረቻቸው። አማርኛ ባትሰማቸው በግዕዝ "ማይ፣ ማይ" አሏት፤ ውኃ ማለታቸው ነው። እሷ ደግሞ በስዋሂሊ ውኃ "ማጂ" ስለሚባል ገባት። ውኃውን ልታጠጣቸው እጃቸውን ስትይዝ ነው ሕመሙን ያወቀችው።

ምሳቸውን ሲበሉ አብራን ተቀመጠች። አባቴ እጇን ይዘው ረጅም ምርቃት መረቋት። አንድም ቃል ሳትሰማ በየመሐሉ "አሜን" ትል ነበር። እኔ ግን ከኀፍረት የተነሣ ቀና ብዬ ላያት አልቻልሁም። አመሰገንኋት እንጂ ይቅርታ አልጠየቅኋትም። ስሟንም አልጠየቅሁ። ይህ አሁን ድረስ ይቆጨኛል።

አባቴ ደህና ናቸው። ግዕዝ በሰው አገር አዳነኝ እያሉ ለደብሩ ካህናት ሁሉ ያወራሉ። ስንት ጊዜ ልረፍ እንዳሉኝና እኔ ምን እንዳልኋቸው ግን አንድ ቀን አንሥተውት አያውቁም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

መድኃኒት ቤት ኢንሱሊን ሊወስድ የሚመጣ ቤተሰብ ሲኖር ሳልነግረው አልሰደውም። "አንዲት ልጅ አባቷን በባዶ ሆዳቸው ስታዞራቸው ውላ፣ ሊያድናቸው የመጣውን ሰው ደግሞ ልትከለክል ነበር" እላለሁ። እስከ ዛሬ ያችን ልጅ የማውቃት ሴት አስመስዬ ነበር የማወራው። እኔ ነኝ።