ባለ ስድስት ክንዱ በር

ሥራ የገባሁ ዕለት አቶ ገሠሠ አንድ መጋዝ፣ አንድ መላጊያና ሁለት መሮ አስረከቡኝ። አቶ ገሠሠ ጎንደር ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት የእንጨት ክፍል ኃላፊ ነበሩ። «ሜትሩስ ጌታዬ?» ብላቸው ቁምሳጥኑን ቆልፈው «ሜትሩ የመንግሥት ንብረት ነው» አሉኝ። መጋዙስ የማን ነው ልል አሰብኩና፣ የመጀመሪያ ቀኔ ስለነበረ ዋጥ አደረግኩት።

እናም ሦስት ዓመት ሙሉ በክንዴ ለካሁ። ትልቁን በክንድ፣ ትንሹን በጣት። ወንበር ሠራሁ፣ ጠረጴዛ ሠራሁ፣ ለአቶ ገሠሠ ለራሳቸው አልጋ ሠራሁ፤ አንዱም አልተንጋደደም። እኔ ግን የቀን ሠራተኛ እንደሆንኩ ቀረሁ። ቋሚ የሚያደርገኝ ደብዳቤ ሁልጊዜ «እየመጣ ነው» ይባላል። ከየት እንደሚመጣ እንጃ፣ በእግሩ ሳይሆን አይቀርም።

አንድ ቀን አቶ ገሠሠ ጠሩኝ። «ከአዲስ አበባ ትልቅ ሰው ይመጣሉ፤ ኤግዚቢሽን ይደረጋል። አንተ የባላገር ቤት አሳንሰህ ጠረጴዛ ላይ ሥራ፤ ከነግቢው፣ ከነከብቱ። ቁርጥ እውነተኛውን ይምሰል። ካማረ ደብዳቤህን በእጅህ እንደገባ ቁጠረው።»

ጠዳ ወረድኩ። እዚያ አያ ውበቱ የሚባሉ የእናቴ ዘመድ ነበሩ፤ ቤታቸው መንገድ ዳር ነው። ምሰሶውን፣ ግድግዳውን፣ በሩን ስለካ ከኋላ ከኋላዬ እየተከተሉ ያዩኛል።

«ምነው ልጄ፣ ልትገዛው ነው?»

«ኧረ አይደለም አያ ውበቱ፣ አሳንሼ ልሠራው ነው።»

«ከዚህም ሊያንስ?» አሉና ሳቁ።

አንዱን ክንድ ሁለት ጣት አደረግኩት። ሦስት ክንድ የነበረው በር ስድስት ጣት ሆነ። ከጭራሮ ማገር አቆምኩ፣ ጭድ አድቅቄ ባቦካሁት ጭቃ መረግኩት፣ ክዳኑን በስንደዶ ከደንኩ። አያ ውበቱ ከተማ ብቅ ሲሉ አይተውት ጣታቸውን በበሩ ሰደዱ። አውጥተው አዩትና «ጥቀርሻ የለውም» አሉኝ። በሳምንቱ ከገዛ ጣራቸው የፋቁትን ጥቀርሻ በቅጠል ጠቅልለው አመጡልኝ። ውስጡን በሱ ቀባሁት። በትንሿ በር አጮልቀው አዩና «አሁን ገና ቤቴ ሆነ» አሉ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በዕድሜዬ እንደዚያ ደስ ያለኝ ሥራ የለም።

ከዚያ አቶ ገሠሠ መጡ። ዙሪያውን ዞሩት። «ሸጋ ነው። ጥቀርሻው ግን ይጠረግ።» ጠረግኩ። «ሳሩ ድህነት ያስመስላል፣ ቆርቆሮ ይሁን።» የሰርዲን ጣሳ ቀጥቅጬ ከደንኩ። «መስኮት የለውም እንዴ?» ሁለት መስኮት ከነመስታወቱ አወጣሁለት። በመጨረሻ በሩ ላይ ደረሱ። «ትልቁ ሰው ውስጡን ለማየት ወገባቸው ይሰበር? እጥፍ አድርገው! መዝጊያውንም አንሣው፣ ተከፍቶ ይታይ።» በሩ ዐሥራ ሁለት ጣት ሲሆን ግድግዳውም ተከትሎት ወደ ላይ ወጣ።

«ጌታዬ፣ ይሄ እኮ አሁን የማንም ቤት አይደለም» አልኳቸው።

«ደብዳቤህን አትፈልግም?»

እፈልጋለሁ። መዝጊያውን ነቀልኩ።

ኤግዚቢሽኑ ላይ ትልቁ ሰው ከሌላው ሁሉ የኔ ጠረጴዛ ዘንድ ቆዩ። «ይህ ቤት የት ነው?» ብለው ጠየቁ። አቶ ገሠሠ አፍታም ሳይቆዩ «ጠዳ ነው ክቡርነትዎ፤ መንገድ ዳር። ሰውም ይኖርበታል» አሉ። «ደግ። አዲ አርቃይ ደርሼ በስምንተኛው ቀን ስመለስ በዚያው ሳልፍ አየዋለሁ።» ጉድ ፈላ! አቶ ገሠሠ ፊታቸው አመድ መሰለ።

በማግስቱ የአያ ውበቱን ቤት እሱን ልናስመስል፣ ትንሹን ቤት፣ ቆርቆሮና ሠራተኛ በማኪና ጭነን ጠዳ ወረድን። ነገሩን ለአያ ውበቱ የማስረዳቱ ዕጣ እኔ ላይ ወደቀ።

«ምነው፣ የኔ ቤት ምን አጠፋ?» አሉኝ።

«ምንም አላጠፋም። ቆርቆሮ ይሆንልዎታል።»

እኔን አምነው እሺ አሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሽታዬ ግን የመስኮቱን ነገር ሲሰሙ «ቀኑን ሙሉ ውጭ ስንለፋ ውለን፣ ደግሞ ቤት ገብተን ውጭውን እንየው?» አሉ።

ሳሩን አወረድን፣ ቆራርጠን ግድግዳው ከሚረዝምበት ጭቃ ጋር አቦካነው። ከዚያ ሁለቱን ጣት መልሼ አንድ ክንድ እያደረግኩ ሠራሁ። በሩ ስድስት ክንድ ሆነ፤ ትንሹ ቤት መዝጊያ ስለሌለው ይሄም መዝጊያ የለውም። በፈረስ የመጣ ጎረቤት ሳይወርድ ገባና፣ ውስጥ ዞሮ ሳይወርድ ወጣ። ሰው ሁሉ ሲስቅ አያ ውበቱ አልሳቁም። ነፋሱ የምድጃውን አመድ መደቡ ላይ ይበትነዋል። «ጥጃዬን ጅብ ቢወስድብኝ ለማን ነው አቤት የምለው?» አሉኝ።

በስምንተኛው ቀን ማኪናው መጥቶ ቆመ። ትልቁ ሰው አልወረዱም። መስታወቱን ዝቅ አድርገው ከላይ እስከ ታች አዩትና «ትንሹ ይሻላል» አሉ። መስታወቱ ተዘጋ፣ ማኪናው ሄደ።

አቶ ገሠሠ ላባቸውን ጠረጉ። «ተመስገን፣ አዩት! በል ቆርቆሮውን አውርደህ ጫን።»

«ምን?»

«የመንግሥት ንብረት ነው። ከመጋዘን በውሰት የወጣ ነው።»

«ጌታዬ፣ ሰኔ እኮ ሊገባ ነው። እነዚህ ሰዎች የት ይግቡ?»

«ሳሩን ይመልሱበታ! ደብዳቤህ ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ ዛሬ ቆርቆሮውን ይዘህ ግባና ነገ ውሰደው።»

ሳሩ ግድግዳው ውስጥ ነው። አያ ውበቱ ጣራቸውን ወደ ላይ ብቻ ያያሉ። ምነው በሰደቡኝ! እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ቆርቆሮውን አውርጄ ጫንኩላቸው። «ግባ እንጂ!» ሲሉኝ ግን «አልገባም ጌታዬ። ሰው ያለ ጣራ አስቀርቼ የት ነው የምገባው?» አልኳቸው። ጥለውኝ ሄዱ።

አገሬው ደቦ ወጣልን፤ ከየቤቱ አንዳንድ እስር ሳር መጣ። ግድግዳውን አፍርሰን ዝቅ አደረግነው፣ መስኮቶቹን በድንጋይ ደፈንናቸው። ክዳኑ ያለቀ ዕለት ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወረደ።

ደብዳቤው ለአቶ ገሠሠ የእህት ልጅ ደረሰ። ትንሹ ቤት ከሜትሩ ጋር ቁምሳጥን ውስጥ ተቆለፈበት። እኔም ከዚያ ወዲያ እስካረጅ ድረስ ለባላገር በርና መዝጊያ ስሠራ ኖርኩ።

የአያ ውበቱን በር የሠራሁት ያኔውኑ፣ ቤቱ ተከድኖ ካለቀ በኋላ ነው። መቃኑ ዘንድ አቁሜያቸው በክንዴ ለካሁ፤ ያው ሦስት ክንድ። መዝጊያውን ስገጥም ጎንበስ ብለው ገቡና ከውስጥ ዘጉት። «አሁን ገና ቤቴ ሆነ» ሲሉ በሳንቃው ማዶ ሰማኋቸው።

በር ስትሠሩ የሚገባበትን ሰው ለኩ።